ፈሪ ውሻን ከአዲስ ቤት ስለ ማላመድ

ርኅራኄ ካደረባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ በመንገድ የወደቀውን ወይም ባለቤት ያጣውን ውሻ አንሥተው ወደ ቤታቸው ያስገባሉ። ሥራው መልካም ነው፤ የሚያስመሰግንም ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያሰቡት ሳይሆን ይቀራል። እነርሱ ጅራቱን እየቈላ በደጅ የሚቀበላቸውን፣ ከልጆቹ ጋራ የሚጫወተውን፣ ሌሊትም ግቢውን የሚጠብቀውን ውሻ ሲጠባበቁ፣ የመጣው ውሻ ከአልጋ ሥር ወይም ከዕቃ ቤት ጥግ ተሸሽጎ አልወጣም ይላል፤ እጅ ሲዘረጉለት ይንቀጠቀጣል፤ ሰው እያየው አይበላም፤ በሩ ገርበብ ባለ ጊዜም ሊያመልጥ ይሞክራል። በመጀመሪያው ሳምንት ያዝኑለታል፤ በሁለተኛው ይሰለቹታል፤ በሦስተኛው «ይህስ ተፈጥሮው ከንቱ ነው» ብለው ወዳመጡበት ይመልሱታል፤ አለዚያም በሩን ከፍተው ይለቁታል።

ለውሻው ከፊተኛው መከራ ይልቅ ይህ የኋለኛው ይብስበታል። ቤት አግኝቶ ሳለ የተባረረ ውሻ ለሚቀጥለው ሰው ልቡን መስጠት ይከብደዋል፤ መንገዱም በመኪና፣ በድንጋይ፣ በበሽታና በመርዝ የሚያልቁበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ የምንናገረው፣ ፈሪ ውሻን ተቀብሎ ለማኖር ምን ዓይነት ዕውቀትና ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ ነው። ነገሩ ሁሉ በአንድ ቃል ቢጠቀለል፣ መታመን በትእዛዝ አይገኝም የሚል ነው። በመሥሪያ ቤቱ ብዙ ሰው የሚታዘዝለት፣ በቤቱም የተከበረ ሰው ቢሆን፣ ፈሪ ውሻን «ና!» ብሎ ሊያስወድደው አይችልም። ውሻው ራሱ ወዶ እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ የእርሱ ፈንታ ነው።

ፍርሃቱ ከወዴት ይመጣል?

ፍርሃት የክፉ ጠባይ ምልክት አይደለም። እውነት ነው፣ ከውሾችም መካከል በተፈጥሮው ዓይን አፋር ሁኖ የሚወለድ አለ። የሚበዛው ፍርሃት ግን የተማሩት ነው። ቡችላ በተወለደ ከ3ኛው ሳምንት አንሥቶ እስከ 12ኛው ወይም እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ዓለምን የሚለምድበት ጊዜ አለው። በዚህ ጊዜ ያየውንና የሰማውን ሁሉ የኑሮው ክፍል አድርጎ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያገኘውን አዲስ ነገር ግን በጥርጣሬ ያየዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ በሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በተባለው ስፍራ ይመራመሩ የነበሩ ሊቃውንት በ1961 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፣ ቡችሎችን በአጥር ውስጥ ከሰው ለይተው አሳድገው በልዩ ልዩ ዕድሜ ወደ ሰው አቅርበዋቸው ነበር። እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ከሰው ጋራ ያልተገናኙት ቡችሎች እንደ ዱር አውሬ ሸሹ፤ ለማላመድም እጅግ አስቸጋሪ ሆኑ።

እንግዲህ በመንገድ ዳር በቱቦ ውስጥ የተወለደ ቡችላ በእነዚያ ሳምንታት ያየው ምንድን ነው? የእናቱን ሽሽት፣ የልጆችን ድንጋይ፣ የመኪናን ጡሩምባ ነው። እናቱ ከሰው ስትሸሽ እያየ እርሱም መሸሽን ይማራል። ሌላው ደግሞ በሰው ግቢ ተወልዶ፣ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ፣ ዱላ እየቀመሰ ያደገ ነው። አበው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዳሉት፣ በመጥረጊያ የተመታ ውሻ መጥረጊያ ባየ ጊዜ ይሸሸጋል፤ በከዘራ የተመታም ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ሲመጡ ይደነብራል። ሽማግሌው ደግ ሰው መሆናቸውን ውሻው አያውቅም፤ እርሱ የሚያውቀው ከዘራውን ነው።

ባለቤት ላጣ ውሻ ቤት እስኪገኝለት ድረስ መጠለያ መስጠት የቆየ ሐሳብ ነው። ሜሪ ቲልቢ የተባሉ እንግሊዛዊት በ1860 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ሆሎዌይ በሚባለው ሰፈር ለጠፉና ለተራቡ ውሾች ማረፊያ ባቋቋሙ ጊዜ ብዙ ሰዎች ዘብተውባቸው ነበር። ማረፊያው ግን በ1871 ዓ.ም. ባተርሲ ወደሚባለው ሰፈር ተዛውሮ እስከ ዛሬ በሰፈሩ ስም እየተጠራ ይሠራል። በየአገሩ እንዲህ ባለው መጠለያ የሚያገለግሉ ሰዎች አዲስ ባለቤቶችን የሚመክሩበት አንድ የቀን አቈጣጠር አላቸው፤ ይኸውም 3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር የሚባለው ነው። በ3 ቀን ውስጥ ውሻው ከድንጋጤው ጥቂት ይበርዳል፤ በ3 ሳምንት የቤቱን ሥርዐት ያውቃል፤ በ3 ወር ቤቱ የእርሱ መሆኑ ይገባዋል። ይህ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም፤ እጅግ ለፈራው ውሻ ዓመት ሙሉ ሊፈጅበት ይችላል።

ከመምጣቱ አስቀድሞ

ውሻውን ከመውሰድ በፊት የራስን ቤት መመርመር ይገባል። እንግዳ የማይታጣበት፣ ባለ ጉዳይ ከጧት እስከ ማታ የሚመላለስበት፣ ሕፃናት የሚበዙበት ቤት ለፈሪ ውሻ ጭንቀት ነው። ለእንዲህ ያለው ቤት ደፋርና ተጫዋች ውሻ መምረጥ ይሻላል። ፈሪን ውሻ ለጥበቃ ብሎ መውሰድም ስሕተት ነው፤ ፈሪ የሚናከሰው ሌባውን ለይቶ ሳይሆን መሸሻ ያሳጣውን ሁሉ ነውና። ሲያኖሩት ከነበሩት ሰዎች ዘንድ «በሰው ፊት ይበላልን? ወንዶችን ይፈራልን? ልጆችንስ? ከሌላ ውሻ ጋራ ይስማማልን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በቤቱ አስቀድሞ የሚኖር የረጋ ውሻ ካለ መልካም ነው፤ ፈሪው ሰው የማያስፈራ መሆኑን ከጓደኛው ይማራል።

ከዚህ በኋላ ስፍራውን ማዘጋጀት ነው። በአገራችን ልማድ ውሻ ከእልፍኝ አይገባም የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ይህም ልማድ ውሻውን ከማላመድ አይከለክልም። በግቢው ውስጥ ከቤቱ ግድግዳ ጋራ የተጠጋ፣ ዝናብና ብርድ የማያገኘው፣ በሦስት ወገን የተዘጋ ጐጆ ከመኝታ ጋራ ይበቃዋል። ነገር ግን ጐጆው ሰው ከሚመላለስበት መንገድ የራቀ ይሁን፤ ከዋናው በር አጠገብ በሰንሰለት ማሰርም አይገባም። የታሰረ ፈሪ ውሻ መሸሽ እንደማይችል ያውቃል፤ መሸሽ ያልቻለም ወደ መናከስ ይመለሳል። በከተማው ዳር ዳር ደግሞ ሌሊት የጅብ ድምፅ ይሰማል፤ ታስሮ ለሚሰማው ውሻ ይህ ድምፅ ምን እንደሚሆንበት መገመት አያስቸግርም።

በሩን መጠበቅ ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያመለጠ ፈሪ ውሻ ቤቱን ገና ስላላወቀ አይመለስም፤ ሲጠሩትም ይበልጥ ይሮጣል። ስለዚህ አጥሩ ከሥሩ ቀዳዳ እንዳይኖረው ይታይ፤ በአንገት ማሰሪያው ላይ የባለቤቱ የስልክ ቍጥር ይጻፍ፤ ለዘበኛውና ለቤት ሠራተኞች ሁሉ መኪና ሲገባና ሲወጣ ውሻው የት እንዳለ ሳያዩ በሩን እንዳይከፍቱ ይነገር። የቤቱ ሰዎች ሁሉ ተሰብስበው በአንድ ስም ሊጠሩት፣ ምግቡንም ማን በስንት ሰዓት እንደሚሰጠው ሊቈርጡ ይገባል። አንዱ እያባበለ ሌላው በድንጋይ ቢያስፈራራው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ 3 ቀኖች

በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በአንድ መጠለያ ውስጥ የውሾች ደም በተመረመረ ጊዜ፣ በጭንቀት ሰዓት በሰውነት ውስጥ የሚበዛው ኮርቲሶል የተባለው ንጥረ ነገር፣ ውሾቹ ወደ መጠለያው በገቡባቸው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀኖች ከኋለኞቹ ይልቅ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስፍራ መለወጥ ብቻውን ለውሻ ታላቅ ጭንቀት መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ስለዚህ በእነዚህ ቀኖች የሚደረግለት ትልቁ ደግነት መተው ነው። ገላውን ማጠብ፣ ዘመድና ጎረቤት ጠርቶ ማሳየት፣ ከተሸሸገበት ጎትቶ ማውጣት አይገባም። ውሃና ምግብ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓትና በአንድ ስፍራ ይቅረብለት፤ ያቀረበለትም ሰው አኑሮለት ይሂድ። ማታ ማታ ብቻ ወጥቶ ቢበላ አያስደንቅም። አንድ ቀን ሙሉ ባይበላ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ከሁለት ቀን በላይ ካልበላ፣ ወይም ውሃ እንቢ ካለ ግን የእንስሳት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ስለ ምግቡ ደግሞ አንድ ነገር እናስታውስ። ከማዕድ የተረፈ ወጥ ለውሻ መስጠት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉና ወጣችን ለውሻ አይስማማውም። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ናቸው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀቱን ሊወጋው ይችላል። በበዓል ቀን በግ ሲታረድ ሳንባና ጉበቱን ጥሬውን መጣል፣ ከከብት ወደ ውሻ፣ ከውሻም ወደ ሰው የሚተላለፍ ትል ያመጣል፤ ስለዚህ ቀቅሎ መስጠት፣ የትል መድኃኒትም በጊዜው ማስጠጣት ያሻል። ነጭ ሥጋ ወይም ቅመም የሌለበት የተቀቀለ ሥጋ ከእንጀራ ፍርፋሪ ጋራ ተቀላቅሎ ቢሰጠው ይጠቅመዋል። በጾም ወራት የቤቱ ሰው ሥጋ ባይበላም፣ ውሻው የሚያስፈልገውን እንዲያገኝ አስቀድሞ ማሰብ የባለቤቱ ግዴታ ነው።

የውሻው ቋንቋ

ውሻ በአፉ አይናገርም እንጂ በሰውነቱ ይናገራል። ጅራቱን በእግሮቹ መካከል መክተት፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ማስተኛት፣ ሳይርበው ከንፈሩን መላስ፣ ሳይደክመው ማዛጋት፣ ፊቱን ወደ ጎን መመለስ፣ የዓይኑን ነጭ እያሳየ በአግድም መመልከት፣ እነዚህ ሁሉ «እባክህ ራቅ በልልኝ» ማለት ናቸው። ይህን ያላስተዋለ ሰው እየገፋ ሲቀርብ ውሻው ያጉረመርማል፤ ማጉረምረሙን ያላከበረ ሰው ደግሞ ይነከሳል። ስላጉረመረመ ውሻን መምታት ትልቅ ጥፋት ነው፤ የተመታው ውሻ ፍርሃቱን ሳይሆን ማስጠንቀቁን ብቻ ይተዋል፤ ሌላ ጊዜም ሳያስጠነቅቅ ይናከሳል።

የማላመዱ ሥራ

ከ3 ቀን በኋላ ሥራው ይጀመራል። ባለቤቱ በርጩማ ይዞ ከውሻው ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ቆሞ ከላይ አይመልከተው፤ ፊት ለፊትም ትክ ብሎ አይየው፤ ጎኑን ሰጥቶ ይቀመጥ። ጋዜጣ ይዞ በለሆሳስ ድምፅ ቢያነብ መልካም ነው፤ ውሻው የሰው ድምፅ ጉዳት እንደማያመጣ ከዚህ ይማራል። በመካከሉ ትንሽ ቍራጭ ሥጋ ይወርውርለት፤ ቍራጩም ከሰውዬው አጠገብ ሳይሆን ከውሻው በስተጀርባ ይውደቅ፤ ሥጋ አግኝቶ መሸሽም የተፈቀደለት መሆኑን ሲያይ ልቡ ያርፋል። በየቀኑ ርቀቱን ውሻው ራሱ ይቀንሰዋል። እጅን ወደ እርሱ ማስረዘም ሳይሆን፣ እጅን በጉልበት ላይ አኑሮ እርሱ መጥቶ እንዲያሸት መተው ነው።

የዚህን ሥራ ምክንያት የሩሲያው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ አስረድቷል። በ1904 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው ይህ ሊቅ፣ ከምግብ በፊት ሁልጊዜ አንድ ድምፅ ቢሰማ ውሻው ድምፁን ብቻ ሰምቶ ምራቁ እንደሚመጣ አሳየ። እንደዚሁም የሰው ኮቴ ሁልጊዜ ሥጋን አስከትሎ ቢመጣ፣ ቀድሞ ያስደነግጠው የነበረው ኮቴ ቀስ በቀስ የደስታ ምልክት ይሆንለታል። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የሚያስፈራው ነገር አስቀድሞ በሩቅ ይታይ፣ ምግቡም ከዚያ በኋላ ይምጣ። ውሻው ሥጋውን ትቶ ከሸሸ ነገሩ ከዐቅሙ በላይ ቀርቦታል ማለት ነውና መራቅ ይገባል።

ረጅም ጊዜ አብሮ መዋልም ግዴታ አይደለም። በሃንጋሪ አገር ሊቃውንት በ2001 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፣ በመጠለያ የሚኖሩ ውሾች ከአንድ ሰው ጋራ ለ10 ደቂቃ ያህል 3 ጊዜ ብቻ በመገናኘታቸው ያንን ሰው ከሌላው ለይተው መውደድ ጀምረዋል። ስለዚህ ሥራ የሚበዛበት ሰው እንኳ ጧት 10 ደቂቃ ማታ 10 ደቂቃ ሳያቋርጥ ቢሰጥ ብዙ ሠርቷል። መንካት በሚጀመርበት ጊዜ ከራሱ በላይ እጅን ማሳለፍ ያስፈራዋል፤ ከደረቱ ወይም ከአገጩ በታች ሁለት ሦስት ጊዜ ዳስሶ እጅን ማንሣትና ጨምር እንደሚል ማየት ይሻላል። ጨምር ካላለ የዚያን ቀን ሥራ አለቀ። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።

ስለ ልጆችና ስለ በዓላት

ልጆች ውሻውን በመውደዳቸው ሊያስፈሩት ይችላሉ። ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት፣ እንዳያቅፉት፣ ወደ ጐጆው እንዳይገቡ ጥብቅ ትእዛዝ ይሰጣቸው፤ ትንንሾቹም አዋቂ ሳይኖር ከውሻው ጋራ ብቻቸውን አይተዉ። ነገር ግን ልጁን ፈጽሞ ማራቅ አይገባም። ሥጋውን ከሩቅ የመወርወር ሥራ ለልጁ ቢሰጠው ሁለቱም ይማራሉ። ከእርሱ የደከመውን ፍጥረት በኃይል ሳይሆን በትዕግሥት ያሸነፈ ልጅ፣ አድጎ ሰው ሲሾምበት ያንን ትምህርት ይዞት ይሄዳል። የተከበረ ቤት ልጁን ከሚያስተምርበት መንገድ ይህ ትንሹ አይደለም።

በቡሄ ሰሞን የጅራፍ ጩኸት፣ በዘመን መለወጫ የርችት ድምፅ፣ በሠርግ ቀን የድንኳንና የዘፈን ግርግር ለፈሪ ውሻ የመከራ ቀኖች ናቸው። በእነዚህ ቀኖች ከመምሸቱ በፊት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማስገባት፣ መስኮቱን መጋረድ፣ የለመደው ሰውም በየጊዜው እየገባ እንዲያየው ማድረግ ይጠቅማል። ደንግጦ ወደ ሰው ቢጠጋ መዳሰስና ማባበል ፍርሃቱን አያባብሰውም፤ ያሳርፈዋል እንጂ።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ

ከመንገድ የተነሣ ውሻ ሁሉ አስቀድሞ በእንስሳት ሐኪም ሊመረመርና ስለ እብድ ውሻ በሽታ ሊከተብ ይገባዋል። ይህ በሽታ በያመቱ በዓለም ላይ 59,000 የሚያህሉ ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ ይበልጡም በአፍሪካና በእስያ ናቸው፤ በሽታውንም ወደ ሰው የሚያመጣው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1885 ዓ.ም. ውሻ የነከሰውን ልጅ በክትባት ካከመ ወዲህ ግን በጊዜው የታከመ ሰው ይድናል። ስለዚህ ውሻ የነከሰው ሰው ቍስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና እስከ 15 ደቂቃ ድረስ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። ውሻውንም በንዴት መግደል አይገባም፤ ለብቻው ተዘግቶ 10 ቀን በሐኪም ትእዛዝ ይጠበቅ። ረግቶ የነበረ ውሻ በድንገት ጠባዩ ቢለወጥ፣ ያለ ምክንያት ቢናከስ፣ ወይም መዋጥ ቢያቅተው፣ ይህ ዓይን አፋርነት ሳይሆን በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳይነኩ ለሐኪም ማስታወቅ ያሻል።

ፍጻሜው

ይህ ሁሉ ተደርጎም ውሻው ደፋር ላይሆን ይችላል። ከእንግዳ የሚሸሽ፣ ነጐድጓድ ሲሰማ የሚንቀጠቀጥ ሁኖ ዕድሜውን የሚፈጽም ብዙ አለ። ይህ የባለቤቱ ሽንፈት አይደለም። ከሦስት ወይም ከአራት ሰው ጋራ ተስማምቶ፣ በልቶ፣ ተኝቶ፣ ፀሐይ እየሞቀ መዋል ከቻለ ቤት አግኝቷል ማለት ነው። ቤቱ በእውነት የማይስማማው ከሆነና ሌላ ቤት መፈለግ ግድ ከሆነም፣ ለሚቀበለው ሰው የውሻውን ፍርሃት አንዱንም ሳይሸሽጉ መንገር ያስፈልጋል፤ የተሸሸገ ነገር ውሻውን ዳግመኛ ያስመልሰዋልና።

ክቡር አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ውሻ ለመቀበል ያሰቡ እንደ ሆነ፣ ከምግቡና ከጐጆው በፊት ጊዜ ያለዎት መሆኑን ይመርምሩ። ከሌለዎት ዛሬ መተው ነገ ከማባረር ይሻላል። ካለዎት ግን አንድ ቀን፣ ማንም ሳይጠራው፣ ከጐጆው ወጥቶ ከእግርዎ አጠገብ ይተኛል። ያን ጊዜ አይንቀሳቀሱ፤ ንባብዎን ይቀጥሉ።